ከኮመጠጠ ጠጅ ያወጣሁት ባክቴሪያ አልኮሉን ይበላል፤ በኤንኤዲ ስለካው ግን ምንም የለም። ኢንዛይሙ የት ሄደ?

ጣና ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ። በቡሬ ማር ከተጣለ ጠጅ፣ ከኮመጠጠ በኋላ ላዩን ከሸፈነው ስስ ቆዳ ላይ ሦስት የባክቴሪያ ዘሮች ለይቻለሁ። ሦስቱም ግራም ኔጋቲቭ፣ ካታሌዝ ፖዘቲቭ፣ ኦክሲዴዝ ኔጋቲቭ ናቸው። ግሉኮስ፣ የእርሾ ጭማቂና ካልሲየም ካርቦኔት ባለው አጋር ላይ ዙሪያቸውን ያጠራሉ። 3 በመቶ የእርሾ ጭማቂ፣ 2 በመቶ ኢታኖልና ብሮሞክሬዞል ግሪን ባለው አጋር ላይ ደግሞ ሦስቱም መጀመሪያ ቢጫ ሆኑ። ሁለቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ሰማያዊ ተመለሱ፣ አንዱ ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

ህዋሶቹን 50 ሚሊ ሞላር ትሪስ በፈር ውስጥ (ፒኤች 8.0፣ 5 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ ያለበት) በሶኒኬተር ሰበርኩ። በስበት ኃይል 14,000 እጥፍ ለ15 ደቂቃ አዞርኩና ከላይ የቀረውን ፈሳሽ በ1 ሚሊ ሞላር ኤንኤዲ (ኤሌክትሮን ተቀባይ ሞለኪውል) እና በ100 ሚሊ ሞላር ኢታኖል 340 ናኖሜትር ላይ ለካሁት። ፒኤች 8ም ሆነ 9 ላይ ከመስመሩ አይነሳም ማለት ይቻላል። ከሱቅ የተገዛው የእርሾ አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ በዚያው ኩቬት ውስጥ ወዲያው ይሠራል፤ ስለዚህ ኤንኤዲው አልተበላሸም።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ኢንዛይሙ የት ነው? አልትራሴንትሪፊዩጅ በሌለበት፣ በተራ ስፔክትሮፎቶሜትር እንዴት ይለካል? ፒኪዩኪዩ የሚባለውን ኮፋክተር (የኢንዛይም ረዳት ሞለኪውል) የግድ መግዛት አለብኝ? አራተኛም ልጨምር፦ ወደ ሰማያዊ ከተመለሱት ከሁለቱ አንዱን 6 በመቶ አልኮል ባለው ጠጅ ላይ ዘርቼ በ5 ሊትር ጄሪካን ሳስቀምጠው አሲዱ 3.8 በመቶ ላይ ቆመ። ከዚህ ጋር ይያያዛል?


ጮቄ፦

እህቴ፣ ኢንዛይሙ አለ። የተሰወረብሽ የእርሾን ኢንዛይም በልብሽ ይዘሽ የአሴቲክ አሲድ ባክቴሪያን ኢንዛይም ስለፈለግሽ ነው። የእርሾው በህዋሱ ሆድ ውስጥ ይዋኛል፣ ዚንክ ይይዛል፣ ከኢታኖል ያወጣውን ለኤንኤዲ ያስረክባል። የአሴቶባክተርና የግሉኮኖባክተር ዋናው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ግን በውስጠኛው ሽፋን ላይ የተተከለ ነው፤ የሚሠራው ገጹም ወደ ውጭ፣ ወደ ፔሪፕላዝም (በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ወዳለው ክፍተት) ያያል። በመካከሉ ፒኪዩኪዩ አለ፣ ሙሉ ስሙ ፓይሮሎኪኖሊን ኪኖን። ከፕሮቲኑ ጋር በኬሚካል ትስስር አልተጋባም፤ በጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠ ሲሆን የካልሲየም አዮን አጥብቆ ይይዘዋል። ኤንኤዲ በዚህ ሰልፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

የኤሌክትሮኑ መንገድ እንዲህ ነው። ኢታኖል ሁለት ኤሌክትሮን ለፒኪዩኪዩ ይሰጥና አሴታልዴሃይድ ይሆናል። ፒኪዩኪዩ እዚያው ንዑስ ክፍል 1 ውስጥ ላለው ሄም ሲ (ብረት ለያዘው ኤሌክትሮን አቀባይ) ያቀብላል። ከዚያ ሦስት ሄም ሲ የተሸከመው ንዑስ ክፍል 2 ይረከብና በሽፋኑ ውስጥ ላለው ዩቢኪኖን ያደርሳል። የመጨረሻው ኦክሲዴዝ ከዩቢኪኖል ወስዶ ኦክስጅንን ውሃ ያደርጋል። አሴታልዴሃይዱን ጎረቤቱ አልዴሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ፣ እሱም የሽፋን ኢንዛይም የሆነው፣ ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጠዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አልኮሉ ወደ ህዋሱ ሆድ አልገባም፣ አሲዱም የተሠራው ውጭ ነው። ባክቴሪያው ያንን ሁሉ አሲድ በዚያ ፍጥነት መጣል የቻለው በዚህ የተነሳ ነው።

ቁጥሩን ብታዪው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልሻል። ፒኤች 7 ላይ የአሴታልዴሃይድና የኢታኖል ጥንድ አቅም ወደ 197 ሚሊቮልት ከዜሮ በታች ነው፤ የኤንኤዲ 320 ከዜሮ በታች። ከኢታኖል ወደ ኤንኤዲ መሄድ ዳገት ነው ማለት ነው፤ የእርሾውን ኢንዛይም በፒኤች 9 የምንለካውም ዳገቱን ለማቅለል ነው። ፒኪዩኪዩ ግን ከዜሮ በላይ ወደ 90 ሚሊቮልት ነው። ቁልቁለት ነው፣ ይንደረደራል። ባክቴሪያው ከዚህ የሚያጣው ነገር አለ፦ ኤሌክትሮኑ ኤንኤዲን ዘሎ ስለሚያልፍ በመጀመሪያው የመተንፈሻ ኮምፕሌክስ የሚገፉት ፕሮቶኖች ይቀራሉ። ጉልበት ያባክናል፣ ግን ተቀናቃኞቹን በአሲድ ይቀድማቸዋል።

ስለዚህ ያንቺ በፈር በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር አበላሽቷል። ተቀባዩ ኤንኤዲ ነው፣ የማይቀበለው። ፒኤቹ 8 እና 9 ነው፤ ይህ ኢንዛይም ከ4 እስከ 6 ባለው ይሻላል። ኢዲቲኤ ደግሞ ካልሲየሙን ይጎትታል። ከሰበርሽው ሽፋንም ትልልቁ ቁራጭ ከዝቃጩ ጋር ተደፍቷል። ያየሽው ጥቂት እንቅስቃሴ ካለ በህዋሱ ሆድ ያለው ሌላ፣ በኤንኤዲ የሚሠራ አነስተኛ ኢንዛይም ነው።

አልትራሴንትሪፊዩጅ አያስፈልግሽም። የኢንዛይሙ ገጽ ወደ ውጭ ስለሚያይ ህዋሱን ሳትሰብሪ በፖታሲየም ፌሪሳያናይድ መለካት ትችያለሽ። ፌሪሳያናይድ የውጨኛውን ሽፋን ያልፋል፣ የውስጠኛውን ግን አያልፍም፤ ስለዚህ የሚያገኘው ወደ ውጭ የሚያዩትን ኢንዛይሞች ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ከተሰበረው ይልቅ ያልተሰበረው ህዋስ ንጹሕ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ማሳደጊያው በሊትር 5 ግራም የእርሾ ጭማቂ፣ 3 ግራም ፔፕቶንና 10 ግራም ግሊሰሮል ይሁን። ከአውቶክሌቭ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ 20 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ጨምሪ፤ ቀድመሽ ከጨመርሽው ይተናል። በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ አትሙዪ፣ 30 ዲግሪ ላይ አንቀጥቅጪው። አልኮሉ ሳያልቅ ሰብስቢ። አልኮሉ አልቆ አሲዱን ራሱን መብላት ሲጀምር፣ ያ ወደ ሰማያዊ የተመለሰው ቀለም ማለት ነው፣ የዚህ ኢንዛይም መጠን ይወርዳል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። በሙከራ ቱቦ 0.5 ሚሊ ሊትር የማክልቬይን በፈር ፒኤች 5.0 አድርጊ (ለ100 ሚሊ ሊትር 48.5 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሲትሪክ አሲድና 51.5 ሚሊ ሊትር 0.2 ሞላር ዳይሶዲየም ፎስፌት)። 0.1 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ኢታኖል፣ የታጠበ ህዋስ ከ10 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር፣ ከዚያ ጠቅላላው 0.9 እስኪሞላ ውሃ። 25 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አቆዪውና በ0.1 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ፌሪሳያናይድ አስጀምሪ። ልክ በ5 ደቂቃው 0.5 ሚሊ ሊትር የፌሪክ ሰልፌት ማቆሚያ ጨምሪ። ማቆሚያው በሊትር 5 ግራም ፌሪክ ሰልፌት፣ 3 ግራም ኤስዲኤስና 95 ሚሊ ሊትር 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ነው። 3.5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረሽ 37 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ አቆዪና 660 ናኖሜትር ላይ አንብቢ። ኤሌክትሮን የተቀበለው ፌሪሳያናይድ ከፌሪክ ብረት ጋር ሆኖ ያን ጥልቅ ሰማያዊ፣ ፕረሺያን ብሉ የሚባለውን፣ ይሰጣል። በዚህ መጠን ከተሠራ 4.0 የንባብ አሃድ ከ1 ማይክሮ ሞል ኢታኖል ጋር እኩል ነው።

ጥንቃቄ፦ ማቆሚያው ብርቱ አሲድ ነው። የሳያናይድ ውሁዶችን ከአሲድ ጋር ማሞቅ ወይም ማጠራቀም አይገባም። ከ37 ዲግሪ አታሳልፊው፣ ፊውም ሁድ ሥር ሥሪ፣ ፍሳሹን ለብቻው ሰብስቢ እንጂ ገንዳ ውስጥ አትድፊ።

ፒኪዩኪዩ መግዛትን አሁን እርሺው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ይሠሩታል፤ ፒኪዩኪዩ-ኤ ከሚባል ትንሽ ፔፕታይድ ላይ ግሉታሜትና ታይሮሲን ተጣምረው ነው የሚወጣው። መግዛት የሚያስፈልገው ጂኑን ወደ ኢ. ኮላይ ካዛወርሽው ነው፤ ኢ. ኮላይ የፒኪዩኪዩን ኢንዛይም አካል ይሠራል እንጂ ፒኪዩኪዩን አይሠራም።


ጣና ዳር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ሠራሁት፣ ሰማያዊው ወጣ። ግን ኢታኖል የሌለበትም ቱቦ ሰማያዊ ነው፦ ኢታኖል ያለበት 0.71፣ የሌለበት 0.42። 20 ማይክሮ ሊትር ህዋስ ተጠቅሜያለሁ፣ ፕሮቲኑ በሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው። ህዋሱ የተሰበሰበው ከጠጁ ከራሱ ነው፤ አንድ ጊዜ በዚያው በትሪስና ኢዲቲኤ በፈር ታጥቧል። ይህን ያህል ብላንክ ከየት መጣ?


የዳሞት ልጅ፦

ከጠጁ ከሰበሰብሽው መልሱ እዚያው ነው። ጌሾ ፖሊፌኖል አለው፣ ማሩም አለው፤ ሁለቱም ያለ ምንም ኢንዛይም ፌሪሳያናይድን ይቀንሳሉ። በህዋሱ ላይ ተለጥፈው ይመጣሉ፤ ዝቃጩ ቡናማ ከሆነ እነሱ ናቸው። ሁለተኛው የማሩ ግሉኮስ ነው፦ እነዚሁ ባክቴሪያዎች በሽፋናቸው ላይ ሌላ የፒኪዩኪዩ ኢንዛይም፣ ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ፣ አላቸው። በሚገባ ካልታጠበ ህዋስ ጋር የመጣ ስኳር ልክ እንደ ኢታኖል ይነበባል። ግሊሰሮልም በሌላ ኢንዛይም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጋሽ ጮቄ በሰጡሽ ማሳደጊያ ያደገውንም በሚገባ እጠቢ።

ሁለቱን ለመለየት ህዋሱን በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ አቆይተሽ ያንኑ ልኬት ድገሚ። የተቀቀለውም ሰማያዊ ከሰጠ ጌሾው ነው። ከቀነሰ የስኳር ኢንዛይም ነበረ። መፍትሔው ግን አንድ ነው፦ ህዋሱን ከጠጅ ሳይሆን ከንጹሕ ማሳደጊያ አሳድገሽ፣ በ20 ሚሊ ሞላር አሴቴት በፈር ፒኤች 6.0 ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ እጠቢ። የመጨረሻው እጥበት ውሃ ራሱ በፌሪሳያናይድ ቀለም መስጠት የለበትም።

ስሌትሽ፦ 0.71 ሲቀነስ 0.42፣ 0.29። ለ4.0 ሲካፈል 0.0725 ማይክሮ ሞል። ለ5 ደቂቃ፣ በደቂቃ 0.0145። የተጠቀምሽው ፕሮቲን 0.1 ሚሊ ግራም ስለሆነ በሚሊ ግራም 0.145 ዩኒት (1 ዩኒት በደቂቃ 1 ማይክሮ ሞል ነው)። ኢታኖል ባለበትና አየር በጠገበ ማሳደጊያ ያደገ የአሴቲክ ባክቴሪያ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከ1 ዩኒት ያልፋል፤ ስለዚህ ያንቺ ዝቅ ያለ ነው። ሙሉ ህዋስ ከሽፋን ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ቢሆንም ይህን ያህል ሲወርድ ኢዲቲኤውን ወይም የአየር ማነስን እጠረጥራለሁ። ግሉኮኖባክተር ደግሞ አሲድ ሲበዛበት ኢንዛይሙን ሙሉ አካሉን ይዞ ግን የማይሠራ አድርጎ ያመርተዋል።

ጋሽ ጮቄ የጻፉት ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ላርም። የማክልቬይን በፈር ሲትሬት አለበት፣ ሲትሬትም ካልሲየም ይይዛል። ለ10 ደቂቃ ልኬት አይጎዳም፤ ህዋስሽን በዚያ በፈር ሌሊቱን ማሳደር ግን ኢዲቲኤ ውስጥ ከማሳደር ብዙ አይለይም። ማጠቢያሽና ማቆያሽ አሴቴት ወይም ሜስ የሚባለው በፈር ይሁን።

ሌላው፣ የፌሪሳያናይድ ፈሳሽ በየቀኑ ይዘጋጅ። ብርሃን ያፈርሰዋል፤ ጥርት ያለ ቢጫነቱን ትቶ ወደ አረንጓዴ ከሳበ ድፊው፣ ብላንኩን የሚያነሳው እሱ ሊሆን ይችላል። ህዋሱ ሕያው ስለሆነም ከኤሌክትሮኑ ከፊሉ በራሱ ኦክሲዴዝ ወደ ኦክስጅን ይሄዳል። ቱቦውን አታንቀጥቅጪ። አንዳንዱ መመሪያ ይህን ለማገድ ሳያናይድ ወይም አዛይድ ጨምሩ ይላል፤ በፒኤች 5 ግን ሁለቱም መርዛማ ጋዝ ሆነው ይወጣሉ። ጥቂት ማነሱን ተቀበዪና ይህን ተዪው፣ እባክሽ።

በዲሲፒአይፒና በፒኤምኤስ (ኤሌክትሮን በሚቀበሉ ቀለሞች) 600 ናኖሜትር ላይ መለካትም አለ፣ ለንጹሕ ኢንዛይም ይመቻል። ነገር ግን የዲሲፒአይፒ ሰማያዊነት ከፒኤች ጋር ይወርዳል፦ ፒኤች 7 ላይ በሚሊ ሞላርና በሴንቲሜትር ወደ 21 የሆነው ቁጥር ፒኤች 5 ላይ ብዙ ያንሳል፣ ቀለሙም ወደ ቀይ ይሄዳል። በ21 አካፍሎ ኢንዛይሙ ደካማ ነው ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በዚያ ፒኤች ቁጥሩን ራስሽ መለካት አለብሽ። ለአንቺ ሥራ ፌሪሳያናይዱ ይበልጣል።

አልዴሃይድ ዲሃይድሮጂኔዙም ሁለት ኤሌክትሮን ለዚያው ፌሪሳያናይድ ይሰጣል። 100 ሚሊ ሞላር ኢታኖል ባለበት በ5 ደቂቃ የሚጠራቀመው አሴታልዴሃይድ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አያዛባም። ግን አንድ ቱቦ በኢታኖል ፈንታ በ10 ሚሊ ሞላር አሴታልዴሃይድ ሠርተሽ መጠኑን እወቂው። አሴታልዴሃይድ በ20 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጠርሙሱንም ፒፔቱንም ከማቀዝቀዣ አውጥተሽ ወዲያው ተጠቀሚ።


ብቸና፦

ኢዲቲኤ ነክቶታል የሚለውን በግምት ከመተው መፈተን ይቻላል። የታጠበውን ህዋስ በአራት ቱቦ ክፈይ፣ ሁሉም በ50 ሚሊ ሞላር አሴቴት ፒኤች 6.0። አንዱ እንዲሁ፣ አንዱ 5 ሚሊ ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ አንዱ 10 ማይክሮ ሞላር ፒኪዩኪዩ፣ አንዱ ሁለቱም። 25 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ለኪ። ካልሲየም ብቻ ካነሳው የጎደለው ካልሲየም ነው፣ ፒኪዩኪዩው በቦታው አለ። ሁለቱ አብረው ብቻ ካነሱት ባዶ ኢንዛይም ነው። ሁለቱም ካላነሱት ፕሮቲኑ ራሱ ተበላሽቷል፣ ወይም ያ የማይሠራው ዓይነት ነው። ፒኪዩኪዩ ከሌለሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቱቦዎች ብቻ ሥሪ፤ የሚነግሩሽ ብዙ ነው። በፎስፌት በፈር አትሞክሪው፤ ካልሲየሙ ነጭ ደለል ሆኖ ይወርዳል፣ ያ ደለል ደግሞ 660 ላይ ብርሃን እየበተነ የሐሰት ንባብ ይሰጣል።

ኢዲቲኤ በሁሉም ላይ እኩል አይበረታም። የሜታኖል ዲሃይድሮጂኔዝ ካልሲየሙን በጣም አጥብቆ ይይዛል፣ በኢዲቲኤ ብዙ አይነካም። የአሴቲክ ባክቴሪያዎቹ ይላላሉ። ስለዚህ ከአንዱ ያነበቡትን ለሌላው ማዋል አያስተማምንም።

ፒኪዩኪዩ ገዝታችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፦ አሲዱ በሞል 330 ግራም ይመዝናል፣ ሁለት ሶዲየም ያለበት ጨው 374። 1 ሚሊ ግራም አሲዱን በ3 ሚሊ ሊትር፣ ጨው ከሆነ በ2.7 ሚሊ ሊትር ውሃ ብታሟሙ 1 ሚሊ ሞላር ገደማ ይሆናል። ከዚያ 10 ማይክሮ ሊትር በ1 ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮ ሞላር ነው። በጨለማ፣ በትንንሽ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት። የኪኖኑ ካርቦን ቁጥር 5 የሚነካውን ሁሉ ይይዛል፦ አልዴሃይድ፣ ሳያናይድ፣ አሚኖ አሲድ፣ አሴቶን። ግላይሲን ያለበት በፈር ውስጥ ቢያድር ወደ ሌላ ውሁድ ይለወጣል። ብርጭቆ በአሴቶን አለቅልቆ ማድረቅ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

የአሴቶኑ ነገር ተራ ጥንቃቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሃውገ በ1964 የባክቴሪያ ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ ኤንኤዲም ፍላቪንም ያልሆነ ነገር እንደሚይዝ አሳየ። አንቶኒና ዛትማን በ1967 የሜታኖሉን ኢንዛይም እንዲሁ አገኙት። ምንነቱ የተፈታው ግን በ1979 ሳልስበሪና ባልደረቦቹ ክሪስታሉን በኤክስሬይ ሲያዩት ነው፤ ያ ክሪስታል ደግሞ ከአሴቶን ጋር የተጣበቀው ፒኪዩኪዩ ነበር። ሞለኪውሉ አሴቶንን ምን ያህል እንደሚፈልግ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ኢንዛይሙን ከሽፋን ማውጣት ከፈለግሽ፦ 1 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 (ሽፋን የሚያሟሟ ሳሙና መሰል ነገር)፣ ፕሮቲኑ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ገደማ፣ 4 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ቀስ ብሎ እየተማሰለ። ከዚያ በኋላ በሚመጣው በፈር ሁሉ 0.1 በመቶ ትራይተን ይኑር፤ ከጎደለ ኢንዛይሙ ተጓጉሎ ይወርዳል። በትክክል ከሄደ ፈሳሹ ሮዝ ነው። ጥቂት ዳይታዮናይት ብትጨምሪበት ቀዩ ይደምቃል፣ 417፣ 522 እና 552 ናኖሜትር ገደማ ሦስት ጫፍ ይታያል። የሄም ሲ ምልክት ነው። ሮዙ ከኮለም ላይ ከእንቅስቃሴው ጋር ካልወረደ ሌላ ሳይቶክሮም እየተከተልሽ ነው።


ሸበል፦

ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። ይህ ኢንዛይም ሜታኖልንም ይበላል? አረቄ ውስጥ አለ የሚባለውን ሜታኖል በነዚህ ባክቴሪያ ማስወገድ ይቻል እንደሆን ብዙ ሰው ይጠይቃል።


ብቸና፦

አይቻልም፣ እንዲታሰብም አልመክርም። የአሴቲክ ባክቴሪያዎቹ ኢንዛይም ከኢታኖል ጀምሮ እስከ ስድስት ካርቦን ያላቸውን ቀጥ ያሉ አልኮሎች ይወዳል፤ ሜታኖልን እምብዛም አይነካም። አረቄውን ቢያኮመጥጡት ኢታኖሉ ያልቃል፣ ሜታኖሉ ይቀራል። ሜታኖልን የሚበሉት ሜቲሎትሮፍ የሚባሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ሲበሉት መጀመሪያ የሚያወጡት ፎርማልዴሃይድ ነው።

የእነሱ ኢንዛይም ግን የዚሁ ዘመድ ነው፣ ስምንት ክንፍ እንዳለው ማራገቢያ የተጠቀለለ፣ ፒኪዩኪዩ በመሃሉ። የካልሲየሙ ዓይነት በላብራቶሪ የሚለካው በፒኤች 9 እና አሞኒያ ሲጨመርበት ነው፤ የሚሰጠውም ለሳይቶክሮም ሲኤል ነው። ዞክስኤፍ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በካልሲየም ቦታ ላንታነም፣ ሴሪየም ወይም ኒዮዲሚየም ይይዛል። በ2014 ከእሳተ ገሞራ ጭቃ የወጣ ሜቲላሲዲፊለም የሚባል ባክቴሪያ ያለ እነዚህ ብረቶች ማደግ እንደማይችል ታየ፤ ከዚያ በፊት ሕይወት የማይፈልጋቸው ይመስሉ ነበር። ሱዶሞናስ ፑቲዳም ሁለቱን ኢታኖል በሊታ ኢንዛይሞች፣ አንዱን በካልሲየም ሌላውን በላንታናይድ፣ እንደ ብረቱ መኖር ያፈራርቃል። የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከብርጭቆ ዕቃ የሚሟሟው እንኳ ሙከራውን ያዛባል። ይህን የሚያጠና ሰው በፕላስቲክ ዕቃ ይሥራ።


ብርሌ፦

አራተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም። እኔ የማውቀው ሆምጣጤውን ስለሆነ እሱን ልመልስ፤ ከኢንዛይሙ ጋር በቀጥታ ይያያዛል።

6 በመቶ አልኮል ማለት በሊትር 47 ግራም ገደማ ኢታኖል ነው። ሁሉም ቢለወጥ 6.2 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይወጣዋል። ያ ሁሉ ኤሌክትሮን የሚያርፈው ኦክስጅን ላይ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሞል ኢታኖል አንድ ሞል ኦክስጅን፤ በሊትር ጠጅ 33 ግራም። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 80 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ አየር በሊትር ያለው ኦክስጅን 0.23 ግራም አይሞላም። ስለዚህ አንድ ሊትር ጠጅ ሆምጣጤ ለመሆን ቢያንስ 145 ሊትር አየር ይፈልጋል፣ ባሕር ጠለል ላይ 118 ይበቃው ነበር። ለ5 ሊትርሽ 725 ሊትር አየር በጄሪካኑ ጠባብ አፍ መግባት አለበት። አይገባም። ባክቴሪያው አልኮል እያለው አየር አጥቶ ነው የቆመው፣ ኢንዛይሙ ፒኪዩኪዩውን ኤሌክትሮን ተሸክሞ የሚያራግፍበት አጥቶ።

ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል፣ ያንን በቅድሚያ አጣሪ፦ አልኮሉ አልቆ አሲዱ እየተበላ ከሆነ። ቀለሙን ወደ ሰማያዊ የሚመልሱት ሁለቱ ዘሮችሽ አሲዱን እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያቃጥሉ ናቸው፣ አሴቶባክተርን ይመስላሉ። ቢጫ ሆኖ የቀረው ግሉኮኖባክተርን ይመስላል፤ በ16ኤስ ጂን (የባክቴሪያ ዘር መለያ በሆነው) ይረጋገጥ። ለሆምጣጤ ወደ ሰማያዊ ከሚመልሱት ከሁለቱ አንዱን እመርጣለሁ፣ ግን በየሁለት ቀኑ እየለኩ። 5 ሚሊ ሊትር ወስደሽ በ0.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በፌኖልፍታሊን ለኪ፤ የፈሰሰው ሚሊ ሊትር በ0.6 ሲባዛ የአሲዱ በመቶ ነው። የጠጁ ቀለም መጨረሻውን ከሸፈነብሽ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥኚው። አሲዱ በሁለት ተከታታይ ልኬት ካልጨመረ፣ አልኮሉም ወደ ግማሽ በመቶ ከወረደ፣ ሳይቆይ አጥልለሽ እስከ አፉ በሞላ ጠርሙስ ግጠሚው ወይም በ65 ዲግሪ 30 ደቂቃ አሙቂው።

ዕቃው ሰፊና ጠለቅ ያላለ ይሁን፦ ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ፣ የፈሳሹ ጥልቀት ከ10 ሴንቲሜትር ባይበልጥ። ብረትና መዳብ አይንኩት። አፉን በነጠላ ጨርቅ ሸፍኚ፣ ዝንብ እንዳይገባ ብቻ። ከጠጁ ሁለት እጅ፣ ካልተሞቀ ሕያው ሆምጣጤ አንድ እጅ አድርጊ፤ አሲዱ ከመነሻው ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ ሻጋታና የጠጁ እርሾ አይጫወቱበትም። ላዩ ላይ የሚያበጀውን ቆዳ አትበጥብጪው። ባክቴሪያው አየር ላይ የሚንሳፈፍበት ታንኳው እሱ ነው፣ ከሰመጠ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለመጨመር ካስፈለገ በቱቦ ከሥር አስገቢ።

በፓምፕ አየር እየነፉ መሥራት ፈጣን ነው፤ መብራት በሚቋረጥበት ግን አልመክረውም። አሲዱ ከፍ ባለ ቁጥር አየር ለአጭር ጊዜ እንኳ ሲቋረጥ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ከውጭ የሚገፋው አሲድ ወደ ውስጥ ይገባና የሚያስወጣበት ጉልበት ያጣል። በሳፋ ያለው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ግን መብራት አይጠብቅም። ደብረ ማርቆስና ከዚያ በላይ ላላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ከአየሩ በላይ ያስቸግራል። ከ20 ዲግሪ በታች ሥራው በጣም ይጎተታል፤ 28 ገደማ የሚሆን ጥግ ፈልጉለት።


ጣና ዳር፦

በአሴቴት ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ከንጹሕ ማሳደጊያ ሰብስቤ ደገምኩት፦ ኢታኖል ያለበት 0.66፣ የሌለበት 0.05፣ 5 ደቂቃ፣ 20 ማይክሮ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም። ካልሲየም የተጨመረበት ከዚህ አልተለየም። አንድ ችግር ብቻ ቀረኝ፦ ከሁለት ፍላስክ አንዱ ባሲለስ ይገባበታል፣ አውቶክሌቩን 15 ፒኤስአይ ላይ ለ20 ደቂቃ እያቆየሁትም።


ጮቄ፦

0.61 ለ4.0፣ ለ5፣ ለ0.04 ሚሊ ግራም፦ 0.76 ዩኒት በሚሊ ግራም። ለሙሉ ህዋስ ጥሩ ነው፣ ብላንክሽም ንጹሕ ነው። ካልሲየም አለመለወጡ አዲሱ እጥበት ምንም እንዳልወሰደ ያሳያል።

ባሲለሱ ከከፍታው ነው። የአውቶክሌቩ ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ በውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 205 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት። ባሕር ጠለል ላይ ይህ 15 ፒኤስአይ ነው፤ ባሕር ዳር የውጭው አየር 81 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ጌጁ ወደ 18 ማንበብ አለበት፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 19። በ15 ስታቆሚው 121 አልደረሰም፣ እንደ ባሲለስ ያለው ስፖር የሚሠራ ደግሞ ያንን ጥቂት ዲግሪ ይጠቀምበታል። የዕቃው የግፊት ወሰንና የመተንፈሻው ቫልቭ ያንን እንደሚፈቅዱ ከመመሪያው አረጋግጪ። ካልፈቀዱ በ15 ፒኤስአይ ጊዜውን ወደ 45 ደቂቃ አርዝሚው፣ መጀመሪያም አየሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እንፋሎቱ ሳይቋረጥ እስኪፈስ ቫልቩን አትዝጊ።